በዳይመንድ አስ ላይ የወደቀችው የልብ ሰባት

ወገኖቼ፣ አንድ ሰውዬ ካርታ ይጫወት ነበር።

ካርታ ስል አንዳንዶቻችሁ ዞር ዞር ብላችሁ ተያያችሁ፤ አይቻችኋለሁ። አትደንግጡ። የምትደነግጡበት ሌላ ነገር አለ፤ ድንጋጤያችሁን ለእሱ አቆዩት። ሰውዬው ቁማርተኛ አይደለም። በሕይወቱ አምስት ሳንቲም አስይዞ ተጫውቶ አያውቅም። ድሬዳዋ የሚኖር የባቡር ጡረተኛ ነው። ታሪኩንም የነገረኝ ራሱ ነው፤ «ንገራቸው፣ ምንም እንዳትደብቅልኝ» ብሎ። ሰባ ሊሞላው ነውና አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። የድሬ ሰው ግን እርስዎ ሲሉት ያኮረፉት ይመስለዋል፤ ስለዚህ እንደ አገሩ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስሙ መዝገቡ ነው። ለስብከቱ እንዲመቸኝ ያወጣሁለት እንዳይመስላችሁ፤ አባቱ ናቸው ያወጡለት።

ጨዋታው በሎት ይባላል። መዝገቡ ባቡር ላይ ሳለ ከፈረንሳዮቹ የተማረው ነው። አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጫወተዋል። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። በበሎት ወገንህ ከጎንህ አይቀመጥም፤ ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጠው። እኛ ለወዳጅ «ከጎኔ ነው» እንላለን አይደል? በበሎት ከጎንህ ያለው ባላጋራህ ነው። በቀኝም ባላጋራ፣ በግራም ባላጋራ። ወገንህ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ዓይን ለዓይን ነው።

የመዝገቡ ወገን ማን ነበረች? ሚስቱ አስካለ። ባላጋራዎቹስ? ጎረቤቱ ቶሎሳና የቶሎሳ ሚስት ዘነቡ። እሑድ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል፣ የመዝገቡ በረንዳ ላይ ይሰየማሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተጫወቱ።

ሕጉ ከባድ አይደለም። አንዱ ካርታ ይጥላል። ሌሎቹ በእጃቸው ያው ዓይነት ካለ ያንኑ መጣል አለባቸው፤ ለዳይመንድ ዳይመንድ፣ ለጦር ጦር። ትልቁን የጣለ አራቱንም ካርታ ይሰበስባል። ካርታው በታደለ ቁጥር ግን ከአራቱ ዓይነት አንዱ ይነግሣል፤ አቱ ይሉታል። ልብ አቱ ከሆነ፣ ትንሿ የልብ ሰባት የሌላውን ዓይነት ትልቅ ካርታ፣ አስን፣ ትገድላለች። በአንድ እደላ መቶ ስድሳ ሁለት ነጥብ አለ። አቱውን የመረጠው ወገን ሰማንያ ሁለት ካልሞላ ይወድቃል። አንድ ሺህ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ደግሞ አንድ ክፉ ሕግ አለ፤ የተጠየቀውን ዓይነት በእጁ ይዞ ሌላ የጣለ ሰው ከተያዘ፣ መቶ ስድሳ ሁለቱ ነጥብ በሙሉ ለባላጋራ ይሄዳል።

ነጥብ የሚይዘው መዝገቡ ነበር። ደብተሩ ከፊት በኩል ነጥብ ነው። ከኋላ በኩልስ ምን ነበር? የሚስቱ ስህተት። ቀኑ፣ ምን እንደተጣለ፣ እሷ ምን እንደጣለች። የራሱ ስህተት የት እንዳለ ጠይቄው ነበር። «እሱ ገጽ አልነበረውም» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አስካለ መሳሳት አበዛች። ዳይመንድ ሲጠየቅ ልብ ትጥላለች፤ ልብ ሲጠየቅ ዳይመንድ። መዝገቡ ተቆጣ። በሚቀጥለው እሑድ አሁንም ተቆጣ። እስከ ጥር ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈባት። ከጥምቀት በኋላ ግን ስህተቱ ቀጥ አለ። መዝገቡ ደስ አለው፤ ቁጣው የሠራ መሰለው። ደብተሩ ላይ «ታረመች» ብሎ ጻፈና አሰመረበት።

በዚያው ሰሞን ግን አንድ የሚያናድደው ነገር መጣ። ዘነቡ ለፍላፊ ሆነች። ካርታ በጣለች ቁጥር ስሙን ትጠራለች። «ይኸው የዳይመንድ ዘጠኝ። ይኸው የጦር ንግሥት።» ቆይቶ ባሏ ቶሎሳም ያዘው። እነዚህ ሰዎች ነጥብ ሲያገኙ ልባቸው አበጠ፣ ሊያበሽቁኝ ነው አለ መዝገቡ። ስምንት ወር ጥርሱን ነክሶ ቻለ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ ግን አልቻለም። የመዝገቡ ወገን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ፣ የቶሎሳ ወገን ስምንት መቶ ስድሳ ላይ ደርሰዋል። አንድ እደላ ቀርቷል። መዝገቡ ካርታውን አየ፤ አማረው። ልብን አቱ አደረገ። ከዚያ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና «ዛሬ በሕጉ እንጫወታለን። የካርታ ስም የሚጠራ ሰው እንዳልሰማ» አለ።

«ተው መዝገቡ» አለች ዘነቡ። «እኔ ካላወራሁ መጫወት አልችልም፤ ታውቀኛለህ።»

«አሥር ዓመት ሳታወሪ ተጫውተሽ የለም እንዴ?»

ዘነቡ አስካለን አየቻት። አስካለ «ይሁን፣ እንዳለው ይሁን» አለች።

ዝም ብለው ተጫወቱ። በረንዳው ላይ የካርታ ድምፅ ብቻ ቀረ። መዝገቡ ነጥቡን በልቡ እየደመረ ነው፤ ሃምሳ አለፈ፣ ሰባ ደረሰ። ሦስት ካርታ ሲቀራቸው የዳይመንድ አስ ጣለ። ዘነቡ አፏን ከፈተች፣ መዝገቡ ገላመጣት፣ አፏን ዘጋች። የዳይመንድ ስምንት ጣለች። ቀጥሎ አስካለ ናት። አስካለ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ የልብ ሰባት ጣለች።

የገዛ ባሏን አስ ገደለችው። የሚቀጥለው ዙር ላይ ደግሞ ከእጇ ዳይመንድ ወጣ። ይዛው ነበር ማለት ነው። መቶ ስድሳ ሁለቱ ነጥብ በሙሉ ለነቶሎሳ ሄደ። ጨዋታው አለቀ።

መዝገቡ ካርታውን ወረወረውና «አንቺ ሴትዮ፣ ዕውር ነሽ እንዴ?» አላት።

ይህን ቃል ስንቶቻችን ብለነዋል? መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ? ለጥያቄ የሚወጣ ቃል አይደለም፤ ለስድብ ነው።

አስካለ ግን መለሰችለት። «በግራዬ አዎ» አለች። «በቀኜ ትንሽ ቀርቶኛል።»

መዝገቡ ሳቀ። የምትቀልድ መስሎት ነው። ማንም አብሮት አልሳቀም። ቶሎሳን አየው። ቶሎሳ ካርታ መሰብሰብ ያዘ፤ የተሰበሰበውን እንደገና ይሰበስባል።

«አንተ ታውቃለህ?» አለው።

«ከጥምቀት ጀምሮ» አለ ቶሎሳ። «ዘነቡ ናት ያወቀችው። ጎኗ ተቀምጣ ካርታውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አየቻት። ጠረጴዛው ላይ ጥቁሩን ከቀዩ ትለያለች፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ልብን ከዳይመንድ፣ አትለይም። እኛ ስሙን ስንጠራላት ግን ትጫወታለች።»

ወገኖቼ፣ ገባችሁ? ስምንት ወር ሙሉ ሊያበሽቁት የመሰሉት ሰዎች ለሚስቱ ዓይን ሆነውላት ነበር። ባላጋራዎቿ ናቸው። የጣሉትን ካርታ ስሙን እየነገሯት ከእሷ ጋር ይጫወቱ ነበር። የሕግ ሰው የሆነው ወገኗ ያን ቀን «ዝም በሉ» ሲል በገዛ እጁ አሳወራት።

ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው፣ ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ያየ ሰው፣ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም ይላል። ደንግጦም ምን አለ? እንደ ሁላችንም «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አለች አስካለ።

«መቼ?»

«ነግሬህ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ለዘነቡም እንዳትነግርህ አስምያታለሁ። አታይም ካሉህ ሌላ ሰው ትተካብኛለህ ብዬ ፈራሁ። መዝገቡ፣ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ለካርታ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ መብራት አብርቶ አየ፤ በመሣሪያ ለካ። የዓይኗ ግፊት ለወራት ከፍ ብሎ ኖሯል። ግራው አልቋል፤ አይመለስም አላቸው። ቀኙን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፤ የጠፋውን ግን አይመልሰውም። ከዚያ «መቼ ነው የጀመረሽ?» ብሎ ጠየቃት። አስካለ ቀኑን አታስታውስም።

የመዝገቡ ደብተር ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ለምን ይዞት እንደመጣ አያውቅም፤ ልማድ ነው። አወጣው። ከኋላ በኩል ገለጠ። አሥራ አንዱን ስህተት ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ጮክ ብሎ አነበበ፤ አንዱም ጥቁር ካርታ አልነበረውም፣ ሁሉም ቀይ። አይቷቸው ያውቃል፤ ራሱ ነው የጻፋቸው። የመጀመሪያው ላይ ሲደርስ ደብተሩን ለሐኪሙ ዘረጋለት። ሐኪሙ ደብተሩን ከእጁ ወስዶ አነበበው። በመዝገቡ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «ኅዳር አሥራ ሁለት። ዳይመንድ ላይ ልብ ጣለች። ዓይኔን ጭጋግ ይለዋል አለች። ሰበብ።»

ነግራው ነበር። ጽፎትም ነበር። ከነቀኑ።

ሐኪሙ «አሥር ወር» አለ። «ያኔ ብትመጡ ኖሮ» ባይልም መዝገቡ ሰምቶታል።

አሁንም ይጫወታሉ። እሑድ በዚያ በኩል ብታልፉ የሚጮኸው እሱ ነው፤ የራሱንም የሰውንም ካርታ ስም ይጠራል። ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ። የአስካለ ቀኝ ዓይን እስካሁን አለ። ግራውን ግን ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም ተመልሶላታል ብዬ አልዋሻችሁም።

ወገኖቼ፣ እኔን ምን እንዳስደነገጠኝ ልንገራችሁ? የአስካለ ዓይን አይደለም። ዓይን ይታመማል። ያስደነገጠኝ ባላጋራ ያወቀውን ወገን አለማወቁ ነው። እሱ ደግሞ ግድ የለሽ ሰው አልነበረም። ከማንም በላይ ይከታተላታል። እያንዳንዷን ካርታዋን ያያል። ካርታዋን አየ፣ እሷን አላየም።

እናንተ ደብተር የላችሁም። አያስፈልጋችሁም፤ በቃላችሁ ነው የምትይዙት። ባልሽ የሠርግሽ ሰሞን የተናገረውን ዛሬም ከነሰዓቱ ትነግሪኛለሽ። ሚስትህ ስንት ጊዜ እንዳስረፈደችህ ታውቃለህ። ለምን እንዳረፈደች ታውቃለህ? «ድሮ ታስቸግረኝ ነበር፣ ቆጣ ስላት ታረመች» የምትል አባት አለህ፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠሃል። ልጅህ ታርማለች? ወይስ ላንተ መንገር ትታ ለጎረቤት ነገረች?

እኛ አገልጋዮችም አለንበት። ከመዘምራኑ አንዷ ስትቀር እንጽፋለን። ሁለተኛ ስትቀር እንመክራለን። ሦስተኛ ስትቀር እናግዳለን። ቤቷ የሄደ ግን ማን ነው? እኔ አልሄድኩም። ይህን የምላችሁ ለምሳሌ አይደለም፤ ያለፈው ወር ነው፣ እሷም ዛሬ እዚህ የለችም። ከዚህ ስወጣ ወደ ቤቷ ነው የምሄደው።

እናንተም ትወጣላችሁ። ቤታችሁ ትገባላችሁ፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ማዶ አንድ ሰው ይቀመጣል። ያ ሰው ጎረቤቱ የሚያውቀው፣ የሥራ ባልደረባው የሚያውቀው፣ እናንተ ብቻ የማታውቁት ነገር ይኖረዋል። ጠይቁት። ነገር ግን «ለምን አልነገርከኝም?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። እሱ ጥያቄ አይደለም፤ ክስ ነው። «ነግረኸኝ ያልሰማሁህ ምንድን ነው?» በሉት። ከዚያ አንድ ቃል ሳትጨምሩ፣ ጨርሶ እስኪናገር ድረስ ስሙት።