ደጅ ንገር የተባለው ጉብታ

ከወንጌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የገበያው መንገድ ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ፣ ደጅ ንገር የሚባል ጉብታ አለ። ዙሪያው ሁሉ ማሳ ሆኖ ሳለ እሱን ግን ማንም አያርሰውም፤ አናቱ ላይ የፈረሰ የድንጋይ ቤት መሠረት ይታያል። ስሙን ከየት እንዳገኘ የአገሩ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ፣ የአንዱ አተራረክ ከሌላው ጥቂት ይለይ እንጂ፣ ሁሉም የሚጀምሩት ደብተራ ቢሰውር ከሚባል ሰው ነው።

ቢሰውር፣ እንደሚነገረው፣ ቅኔ የዘለቀ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ነገር ግን በአገሩ ዘመድም ርስትም የሌለው ከቆላ የመጣ ሰው ነበር። ክፉ ንዳድ ገብቶ ብዙ ሰው በፈጀበት ዘመን ሚስቱን አትጠገብን በገዛ እጁ ቀበረ። ያን ጊዜ አልቃሽም ቀባሪም ጠፍቶ ሟች በየጓሮው ይጣል ነበርና፣ ቢሰውር ሳይለቀስላቸው ለሄዱት ሁሉ በየስማቸው ሙሾ እየደረሰ በብራና ላይ ይጽፍ ጀመር። ዓመታት ፈጅቶ ከጨረሰው በኋላ አንድ ምኞት ቀረው፤ መጽሐፉ አገሩን በሚገዙት በደጃዝማቹ ዕቃ ቤት ገብቶ፣ በጸሐፊዎች ተባዝቶ፣ በየደብሩ እንዲነበብ።

በዚያ ዘመን ግን ደራሲ ራሱ መጽሐፉን ይዞ ገዥው ፊት አይቆምም ነበር ይባላል። አቅራቢ የሚባሉ፣ ቃላቸው የሚሰማ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ደራሲው ከነዚህ የአንዱን ደጅ ይጠናል፤ አቅራቢውም አንብቦ ከወደደው ደጃዝማቹ ፊት ቀርቦ፣ ይህ መጽሐፍ ከእኔ በቀር ለማንም አልተሰጠም ብሎ ይምላል። መሐላው ሐሰት ሆኖ የተገኘ አቅራቢ ከርስቱ ይነቀላል፣ ዳግመኛም አደባባይ አይቆምም።

ቢሰውር መጀመሪያ የሄደው አለቃ ምሕርካ ዘንድ ነበር። አለቃ በሊቅነታቸው የተከበሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ብራናውን ተቀብለው እናየዋለን ብለው አሰናበቱት። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ከአለቃ ዘንድ ቃል የለም። ቢሰውር እደጃቸው ድረስ እየሄደ ይመለሳል፤ መጠየቁ ድፍረት ይመስልብኛል ብሎ ያፍራል። በመጨረሻ ለራሱ ያስቀረውን ግልባጭ ይዞ ወደ ወይዘሮ ጠለላ ቤት ሄደ። ወይዘሮ ጠለላ ብዙ ጭሰኛ የሚያድርላቸው፣ ዳዊት የደገሙ፣ ደራሲ የሚወዱ ባላባት ነበሩ። ሌላ ሰው ይዞታል ወይ ብለው ሳይጠይቁት ቀሩ፣ እሱም ሳይናገር ቀረ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም እያለ ልቡን አጽናና። ለአለቃም ሄዶ አልነገራቸውም።

በጥምቀት ሰሞን ደጃዝማቹ ግብር ባበሉ ዕለት፣ ጠዋት ወይዘሮ ጠለላ ቀርበው መጽሐፉን ሰጡና ምለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አለቃ ምሕርካ በበቅሎ ደርሰው ያንኑ መጽሐፍ አቀረቡ፤ እሳቸውም ማሉ። ደጃዝማቹ ሁለቱን ብራና ጎን ለጎን አስዘርግተው አዩና ሦስቱንም አስጠሩ። ማን እውነት እንደማለ ቢሰውር ተጠየቀ። የአንዱን ስም ቢጠራ ሌላው ከርስቱ ሊነቀል ነው። ዝም ባለ ጊዜ ደጃዝማቹ ተቆጥተው፣ እስኪናገር ድረስ የነጠላው አንድ ጫፍ ከአለቃ፣ ሌላው ጫፍ ከወይዘሮዋ ነጠላ ጋር ተቋጥሮ በጉብታው ላይ ባለው የድንጋይ ቤት እንዲጠበቁ አዘዙ። ወይዘሮ ጠለላ ወኪል ያቁሙ ቢባሉ፣ ዕድሜዬ ከሐሜት አልፏል ብለው ራሳቸው ታሰሩ።

ቤቱ መስኮት አልነበረውም። ቢሰውር ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ሁለቱ አዛውንቶች ጉልበታቸውን እያሻሹ አብረውት ይነሳሉ፤ ሲቀመጥ አብረውት ይቀመጣሉ። ክንዱን ቢያጥፍ አንዱ ይሳባል፣ ቢዘረጋ ሌላው ይላላል። የደጃዝማቹ አጋፋሪ በበሩ ብቅ እያለ፣ አንደኛው ብራና ተሰርቆብኝ ነው ብትል ዛሬውኑ ትፈታለህ ይለዋል። ቢሰውርም በልቡ ያወጣል ያወርዳል። አንድ ጊዜ ያን ያህል ያስጠበቁት አለቃ ቢነቀሉ ይሻላል ይላል፤ አንድ ጊዜ ወይዘሮዋ ሀብታም ናቸውና አይጎዱም ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ነጠላው ይሳብና ያጠገቡን ሰው ትንፋሽ ይሰማል።

ሲጨንቀው አለቃን ለምን ያን ያህል ዝም እንዳሉ ጠየቃቸው። አለቃ መጽሐፉን በወር ሳይሞላ ጨርሰውት ነበር። ነገር ግን ከወንዙ ማዶ ያለቁት ሰዎች ስላልተጻፉ፣ በየመንደሩ እየዞሩ ስማቸውን ሲጠይቁ፣ በብራናው ኅዳግ ላይም ሲጽፉ ከረሙ።

«ሞልቼ ላቀርብልህ ብዬ ነው» አሉት። «ይህን አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።»

ቢሰውር አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ጠለላ ግን ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ «አለቃ ዘንድ እንዳለ ብትነግረኝ የማባርርህ መስሎህ ነው? እጠብቅ ነበር እኮ» አሉት። «እኔ የማልችለው ሳላውቅ መማልን ነው።»

አጋፋሪው በተመለሰ ጊዜ ቢሰውር ወደ ደጃዝማቹ እንዲወስዱት ለመነ። እንደታሰሩ ሦስቱም ወረዱ። ቢሰውር መሬት ስሞ ተነሳና፣ «ጌታዬ፣ ሁለቱም የማሉት የሚያውቁትን ነው» አለ። «ሐሰቱ የእኔ ዝምታ ነው።»

ደጃዝማቹ አቅራቢዎቹን ነጻ አወጡ፤ ቋጠሮውም ተፈታ። ሕጉ ግን የሚነቀል ይፈልግ ነበርና፣ ቢሰውር የሚነቀልበት ርስት ስላልነበረው መጽሐፉ ተነቀለ። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ዕቃ ቤት እንዳይገባ ተፈረደበት። እሱም የሁለቱን አቅራቢዎች እግር ስሞ በጉብታው ቤት ተቀመጠ፤ መጽሐፍ ይዞ ወደ ከተማ የሚወርድ ደራሲ ባየ ቁጥር መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ሁለት ደጅ ብትጠና ለሁለቱም ንገር፣ አንዱ የተከፈተልህ ዕለት ለሌላው ሳታድር ንገር ይለው ነበር ይባላል።

አለቃ ሞቱ፤ ቢሰውርም ሞተ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጠለላ ዓይናቸው ደክሞ፣ በሰው ተደግፈው፣ ኅዳጉ በአለቃ እጅ የተሞላውን ብራና አባታቸውን ለተኩት ለደጃዝማቹ ልጅ አቀረቡ። የቀድሞውን መሐላ ይማሉ ሲባሉ እንቢ አሉና፣ «ይህ መጽሐፍ ከእኔ በፊት በአለቃ ምሕርካ እጅ ነበረ» ብለው ተናገሩ። መጽሐፉ ገባ። ከዚያ ወዲህ አቅራቢዎች የሚምሉት በወይዘሮ ጠለላ ቃል ሆነ ይባላል።

ዛሬ አቅራቢ የሚባል የለም፤ ወጉ ግን ወደ ሌላ ሰው ዞሯል። በወንጌ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ የሚከራይ ቤት የሚያጠያይቅ ሰው፣ ሌላም ደጅ እየጠናሁ ነው ብሎ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሰማውም አይቀየምም። በዚያ ሰፈር የስልክ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ጉብታው አናት ላይ ነውና፣ እሺ የተባለ ሰው ወደዚያ ይወጣል። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የምሥራቹን ለእናቱ ከመንገሩ በፊት፣ አስቀድሞ የሚደውለው ለማይገባበት ደጅ ነው።