የበረዶው ማስረጃ

የባለቤቴ መርዶ የደረሰኝ ዕለት ለቀስተኛው በእንባው መሃል ይህችን እያነሳ ይስቅ ነበር፤ እንዳትረሳ ጻፍኳት።

አንድ ዓመት በረዶ የደረሰ ስንዴያችንን ከአፈር ደባለቀው። ለዘር እንኳ አልተረፈንም። ባለቤቴ መንግሥት ለተጎዳ ገበሬ የሚሰጠውን ድጎማ ሊጠይቅ ወረዳ ሄደ። ኃላፊው “ዛሬ ስብሰባ ነኝ፣ ነገ መስክ ነኝ” እያለ በጋውን ሙሉ ደጅ አስጠናው። የዘር ወቅት ሲደርስ አስገባውና በባለጉዳዩ ሁሉ ፊት፣

“ሰነፍ ሁሉ ሳይዘራ በረዶ መታኝ ይላል! ማስረጃህ የታል?” አለው።

“ጌታዬ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አንድ ቁና በረዶ ይዤልዎ ነበር፤ እርስዎን ደጅ ስጠና ቀለጠብኝ።”

ቢሮው በሳቅ ሲሞላ ኃላፊው ሳይወድ ፈረመ፤ እኛም ዘራን።

እናንተም ስቃችሁ ስታበቁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ፤ እዚያም ደጅ እንዳያስጠኑት።