ጃርት ያገኘው ዋጋ

ተረት ልጀምር ነውና «እሺ» በሉኝ። በአንድ አገር ጉሬዛዎችና ዝንጀሮዎች ቤዝቦል በሚሉት፣ ኳስ በዱላ መትተው በሚሮጡበት ጨዋታ ሊጋጠሙ ተቀጣጠሩ። እንስሳቱ ሁሉ መወራረድ ጀመሩ። አያ ጃርትም በጉሬዛዎቹ ማስያዝ ፈለገ፤ ግን ያለው ለዘር ያስቀመጠው አንድ ቁና አተር ብቻ ስለነበር «ዋጋ ሳላወዳድር አላስይዝም» አለ።

መጀመሪያ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ። «ጉሬዛዎቹ ካሸነፉ በአንድ ቁና ሁለት እከፍላለሁ፤ ቶሎ በል!» አለው ጅቦ። እሜቴ ቀበሮ ደግሞ «ላንተ ስል ሦስት» አለችው። ከመንደሩ ዋርካ ሥር ግን እንስሳቱ እርስ በርሳቸው ስለሚወራረዱ ክፍያው አምስት ደርሶ ነበር።

«እዚህ ዋጋ ቆራጭ የለም» አለችው ውርርዱን የምትዳኘው ኤሊ። «በጉሬዛዎቹ የሚያስይዝ ሲበዛ ክፍያው ይወርዳል። ለማንም ሳትናገር አተርህን አምጣ።»

ጃርት እሾሁን ነፍቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። በመንገድ ላገኘው ሁሉ «ሦስቱንም ዞሬ አምስት ያገኘሁት እኔ ነኝ!» ይል ነበር። አተሩን ተሸክሞ ሲመለስ በጉሬዛዎቹ ሊያስይዙ የመጡት ሰልፍ ወንዙ ድረስ ተዘርግቷል፤ ክፍያውም አንድ ቁና ከሩብ ሆኗል።

«በዚህ ዋጋማ ራሴን አላዋርድም» ብሎ ቁጭ አለ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ዝንጀሮዎቹ አሸነፉ። በጉሬዛዎቹ ያስያዘ ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቤቱ ሲደርስ «ስንት ተበላህ?» አለችው ሚስቱ።

«እኔ? ምንም! በዚህ አገር ከእኔ በላይ ዋጋ የሚያውቅ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ» አለችና ሌላ የሚያወራለት ሳያገኝ አተሩን ከጀርባው አውርዳ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ዘራችው።