ሳይታመም የተጠየቀው ሰው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስኳር ያለበት። ከስኳሩ ጋር ተላምዷል። ያመዋል? አያመውም። ይበላል፣ ይሰፋል፣ እሑድ እሑድ እንደ እናንተ እዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ይቆማል።

አንድ ቀን ለክትትል ሄዶ ደም ሰጠ። ዶክተሯ ውጤቱን አየችና፣ «ኩላሊትዎ ዛሬ ደህና ነው። ደምዎ ላይ ግን ወደፊት ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት አለ» አለችው።

«ታዲያ ታምሜያለሁ?»

«አልታመሙም።»

«እታመማለሁ?»

«ሊታመሙ ይችላሉ፤ ላይታመሙም ይችላሉ። ይህን ኪኒን ከዋጡ፣ ጨውና ጣፋጭም ከቀነሱ፣ ኩላሊትዎን ልናቆየው እንችላለን።»

«ልጄ፣ ትንቢት ነው የምትነግሪኝ?» አላት። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እናንተስ ብትሆኑ? ግራ አይገባችሁም?

ቤቱ ገባ። ሚስቱ እታገኝ «ምን አሉህ?» አለችው። ምን ብሎ ያስረዳት? ለራሱም አልገባውም። «ኩላሊትህን አሉኝ» አላት። እሷ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለዕድሩ ነገረ። በነጋታው ቤቱ በጠያቂ ተሞላ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ጠያቂ እየገባ በሽተኛ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ሱሪ ያሳጥራል? ነውር ነው። እታገኝ ጋቢ አልብሳ አስተኛችው። ጤነኛው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ተጋድሞ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይባላል። «አሜን» ይላል። ሌላ ምን ይበል?

ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ የታሸገ ጭማቂ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዷ ማር ይዛለች። «ትንሽ ቅመስ፣ አቅም ይሆንሃል» ይሉታል። ሰው አክብሮ ያመጣውን መመለስ ይከብደውና ይጠጣል። አያችሁ ፍቅራችንን? ለኩላሊቱ ተጨንቀን መጥተን ስኳር እናጠጣዋለን።

ጠያቂው ጋብ ሲል እታገኝ፣ «ሰውዬ፣ ግራ አጋባኸኝ። ከታመምክ ተኛ፤ ካልታመምክ ኪኒኑን ተው» አለችው። እውነቷን መሰለው። ኪኒኑን ከመርፌና ከክሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ቤቱ እንደገና በጠያቂ ሲሞላ ጋሽ ጌጡ መጡ። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ለእጥበት የሚመላለሱ ጎረቤት ናቸው። ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት፤ ሰው ሁሉ አየ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የለስላሳውን ጠርሙስ ከእጁ ወሰዱበት።

«ምን አሉህ? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው።

«እኔን እንዲህ ያለኝ የለም» አሉ። «እኔ ሐኪም ቤት የሄድኩት እግሬ ካበጠ በኋላ ነው። አንተን ቀድመው ነገሩህ፤ አንተ ተኝተሃል። ተነሥ። ኪኒኑ የታለ?»

ሰውየው ጋቢውን ገፎ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ጠያቂ ፊት መሳቢያውን ከፈተ። እታገኝ ውሃ አመጣችለት። ጠያቂዎቹ «ይማርህ» ይበሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይበሉ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

እኔም ግራ ይገባኛል፣ ወገኖቼ። እኛ የምናውቀው ወይ ታሟል፣ ወይ ድኗል ማለት ነው። መካከል ላይ የቆመውን ሰው ምን እንበለው?

ትዳራችሁ አልፈረሰም። ግን አብራችሁ ከሳቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ከወንድማችሁ አልተጣላችሁም። ስልኩ ሲጠራ ግን ስሙን አይታችሁ ትተዉታላችሁ። ይህ ምንድን ነው? ህመም ነው? ጤና ነው? «ምን አጠፋሁና ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» ትላላችሁ። ኪኒኑ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ያ ሰው ወደፊት ይታመም ይሆን? አላውቅም። ዶክተሯም አታውቅም። እሱም ባያውቅም በየጠዋቱ ኪኒኑን ይውጣል፤ ውጦም ወደ ስፌት ማሽኑ ይሄዳል። እናንተም እግራችሁ እስኪያብጥ አትጠብቁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ግራ እንደገባችሁም ቢሆን፣ ወንድማችሁ ጋ ደውሉ።