በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ጭቃ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አልኳት።

ስመኝ የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። የጠየቀችኝ ግን ስለ ገበሬ አልነበረም። ጡቷ ውስጥ የተገኘው እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል፤ ጨረሩንም ጨርሳለች። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ያዘዘችላት አንድ ኪኒን ብቻ ነው፤ የሰውነቷ ሆርሞን በሽታውን መልሶ እንዳይመግበው የሚያግድ፣ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን። ያን ቀን እኔ ቤት ድንች እየላጠች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ምንም ሳያመኝ መድኃኒት የምውጠው ለምንድን ነው? ይኸኛው እንደሆነ ላብ በላብ ከማድረግና እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ሲሠራ አላየሁትም። ሰሞኑን ትቼዋለሁ።»

«ለሐኪምሽ ነግረሻታል?»

«ስንት የባሰበት በሽተኛ ተሰልፎ እኔ አላበኝ ብዬ ላስቸግራት? ነውር ነው።»

ደነገጥኩ፤ መቆጣትም አማረኝ። ግን እህቷ በሕይወት ሳለች ስቆጣ ሁለቱም ይስቁብኝ ነበር እንጂ አይሰሙኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያደግሁት ቦይ ዳር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነጭ ሽንኩርት ያለማል። ከመደቦቹ ሁሉ የሚወደው ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ነው፤ ጥጉ ላይ ሎሚ የተተከለበትን። ሎሚውን የተከለችው ሚስቱ ናት። ሲያብብ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ገበሬው መጀመሪያ የሚያሳየው በሬውን ሳይሆን ሎሚውን ነበር።

አንድ ዓመት ከመደቡ መሐል ሰርዶ በቀለ። የማያውቀው ሰው ሰርዶን ሣር ነው ብሎ ያልፈዋል። ገበሬ ግን ይፈራዋል፤ ከላይ ሲነቅሉት ከታች እየሄደ ሌላ ቦታ ብቅ ይላልና። ይህ ገበሬ አልተኛም። ሽንኩርቱን ሰውቶ መደቡን በሙሉ ቆፈረ፤ ሰርዶውን ለቅሞ አቃጠለ። መሬቱ ጠራ።

የውሃ አባት መጣ። የውሃ አባት ማለት ባለ ቦዮቹ መርጠው የሾሙት ሽማግሌ ነው፤ ተራው የማን እንደሆነ፣ የትኛው የቦይ አፍ እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ፈተሸ።

«ልጄ፣ ነቅለኸዋል፤ ደግ አድርገሃል። ነገር ግን ክር የምታህል ሥር ቀርታ እንደሆነ እኔም አላያት፣ አንተም አታያት። እሷ የምትጠብቀው ውሃ ነው። ስለዚህ ወደዚህ መደብ የሚገባውን የቦይ አፍ በጭቃ ዝጋው። ሽምብራ ዝራበት፤ ሽምብራ የአፈሩ እርጥበት ይበቃዋል። ውሃው ግን ጭቃህን ቀን ከሌት ይልሰዋል። በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ጭቃ ምረግበት።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«በቃ እስክልህ። በዚህ መሐል የሚያስቸግርህ ነገር ካለ ወደ እኔ ና። አፉን ግን በራስህ እጅ አትክፈት።»

ስመኝ ቢላዋውን ቀሰረችብኝ። «ኪኒኔን ጭቃ አልከው እንዴ?»

«ገና አልደረስኩም።»

«ጭቃስ ይሻላል፤ ቢያንስ ላብ አያመጣም» ብላ ሳቀች። አሳሳቋ የእህቷ ነው። ቀጠልኩ።

ገበሬው ታዘዘ። በየጠዋቱ ፊቱን ሳይታጠብ አንድ እፍኝ ጭቃ ይመርጋል። አንዴ ሠርግ ሄዶ ሳይመርግ አደረ። ሲመለስ ያለፈውን ላካክስ ብሎ ሁለት እጥፍ ቢቆልልበት፣ ክብደቱ የቦዩን ጠርዝ ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው። የውሃ አባት ሰምቶ ሳቀ። «የትናንቱ ቀርቷል፤ የዛሬውን ብቻ ምረግ» አለው። በዚህም አልተቆጣውም።

ጎረቤቱ ግን ያላግጥበታል። «አንተ ሰው፣ ቤት ልትሠራ ነው እንዴ? ጭቃ ማቡካትህ እኮ አላልቅ አለ!»

ጊዜው ሄደ። ሰርዶ የሚባል ነገር አልታየም። ሽምብራው ፍሬ ያዘ። ሎሚው ግን ቅጠሉ መጠቅለል፣ ከዚያም መርገፍ ጀመረ፤ ይጠጣ የነበረው ከዚያው ቦይ ነበርና። ሚስትየዋ የረገፈውን ቅጠል እየጠረገች ዝም ትላለች። የሷ ዝምታ ገበሬውን ከጎረቤቱ ስድብ ይልቅ አመመው።

«ሰርዶ አየህ?» አለው ጎረቤቱ አንድ ቀን።

«አላየሁም።»

«ሎሚውንስ?»

«እሱንማ በየቀኑ አየዋለሁ።»

«እንግዲያ የሌለውን ፈርተህ ያለውን ልትገድል ነዋ!»

ነገሩ ልክ መሰለው። ወደ ውሃ አባቱ ለመሄድም አሰበ። ግን ሽማግሌው ቤት ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ውሃ የተቀማ፣ ድንበር የተገፋ፣ የሚካሰስ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ገብቶ «ሎሚዬ ጠወለገ» ማለት አሳፈረው። መቆፈሪያውን አነሳና የቦዩን አፍ በረገደው።

ውሃው ገባ። ሎሚው በጥቂት ጊዜ ለመለመ፤ አዲስ ቅጠል አወጣ። ሚስቱ ደስ አላት። ገበሬውም ስንት ጠዋት በከንቱ እጄን አቆሸሽኩ ብሎ ተጸጸተ።

ክረምቱ ሳይገባ ሰርዶው ተመለሰ። የተመለሰው ግን መደቡ መሐል አልነበረም። ከሎሚው ግንድ ሥር ነበር፤ ሥሩን ከሎሚው ሥር ጋር ገምዶ።

የውሃ አባት ተጠርቶ መጣ። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሎሚው መጠማቱን ለምን አልነገርከኝም?»

«አባቴ፣ ለአንድ ዛፍ ብዬ እርስዎን ማድከም ነውር መስሎኝ ነው።»

«እኔ የተሾምኩት ለዚሁ አይደለም? ማታ ማታ አንድ ቅል ውሃ ከግንዱ ሥር አፍስስለት እልህ ነበር። ቦዩም እንደተዘጋ፣ ሎሚውም እንደለመለመ ይኖር ነበር።»

ሎሚው ባለበት ሰርዶውን መንቀል አይቻልም፤ ሰርዶውን ቢተወው ደግሞ ወደ ሌሎቹ መደቦች ያልፋል። ስለዚህ ገበሬው መጥረቢያ አመጣ። ቦዩን የከፈተለትን ሎሚ በገዛ እጁ ቆረጠው፤ ጉቶውንም ከነሥሩ ነቀለው። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችው።

ስመኝ መላጧን አቁማ ነበር።

«ሎሚው ምን አጠፋ?» አለች።

«ምንም።»

«ገበሬውስ? ለሎሚው አዝኖ እኮ ነው።»

«እሱም ክፉ ሰው አይደለም። መጠየቅ አፍሮ ነው።»

ከዚያ ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ስመኝ፣ መደቡ ሰውነትሽ ነው። ሰርዶው ከጡትሽ የወጣው ነገር ነው። ውሃው ደግሞ ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን የተረፈች ሥር ካለች እሷንም ያጠጣታል። ኪኒንሽ ያቺ እፍኝ ጭቃ ናት። ስትሠራ አትታይም። አንቺ ምንም አለማየትሽ ሥራዋ ነው። አንድ ቀን ብትረሺ እጥፍ አድርገሽ አትዋጪ። እንዳንቺ ላመመው ሰውም አዝነሽ ከራስሽ አታካፍዪ፤ የእሱን ቦይ የሚያውቀው የራሱ ሐኪም ነው።»

«ላቡስ?» አለች ቀስ ብላ። «እንቅልፉስ?»

«እሱ የሎሚው ጥም ነው፤ ሎሚው እንቅልፍሽና ምቾትሽ ነው። የምትወጅው ነው፤ አትናቂው። ማታ ማታ የሚፈስለት አንድ ቅል ውሃ ይኖር ይሆናል፤ እኔ አላውቀውም፣ ሐኪምሽ ግን ታውቃለች። ሌላ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተሽ ከመጨመርሽ በፊትም እሷን ጠይቂ። እግርሽ ቢያብጥና ቢያምሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ያልጠበቅሽው ደም ብታዪ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያኑ ቀን ሂጂ። ልጅ መውለድ ስታስቢም ቀድመሽ ንገሪያት። አስቸገርኩ አትበዪ። የተሾመችው ለዚሁ ነው።»

ድንቹ እጇ ላይ ቀርቷል።

«እህትሽ ሐኪም ጋ የደረሰችው» አልኳት፣ «ሰርዶው መደቡን ሁሉ ካለበሰ በኋላ ነው። ለሷ የሚዘጋ ቦይ አልቀረም ነበር። ቢኖርማ ጭቃውን እኔው በየጠዋቱ አቦካላት ነበር። ላንቺ ግን አለ። ልጄ ናርዶስ ቅዳሜ ሲደርስ አንቺን ነው የምትጠብቀው። ባለፈው ስትቀሪ ሹሩባዋን እኔ ብሠራት በመስታወት አይታ፣ ‹አባዬ፣ ወፍ ሊተኛበት ነው?› አለችኝ። አክስቴ እስክትመጣ ብላ ሻሽ አስራ ዋለች።»

ስመኝ በአይበሉባዋ ዓይኗን ጠረገች። እየሳቀች ነበር፤ እያለቀሰችም ነበር።

«እና አሁን ሐኪሟን ምን ልበላት? ተቆጥታ ብታባርረኝስ?»

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እኔ ደጅ እጠብቅሻለሁ። ግቢና ማቆምሽን ሳትደብቂ ንገሪያት። ከዚያ ሎሚዬ ጠምቶታል በያት።»