የዝናሽ ካርድና የበረንዳው አምፖል

ጠጋ በሉ፣ ላውጋችሁ፤ እኔም እየፈራሁ ነው የማወራው።

ዝናሽ የምትባል ልጅ እትዬ አስካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። መተማ ያለውን ወንድሟን ወባ በየክረምቱ ይጥለዋል፤ ዘንድሮ መድኃኒቱም አልሠራለት አለ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ታዲያ ኮምፒውተራቸውን በደቦ አዋጥተው አዲስ የወባ መድኃኒት የሚያፈላልግ ስሌት ያሰላሉ። ዝናሽም ደቦው ገባች። የስሌት ድርሻዋ እስከ ሐሙስ ካላለቀ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ መድኃኒቱም ይዘገያል። የፈለገችው ይቺን ብቻ ነው፤ ድርሻዋን ማድረስ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ደምሰው ስሌት የሚያፈጥኑ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አመጣላት።

«ኮምፒውተርሽን የሚያሠራው ሊኑክስ ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ትንሹ ይበቃሻል» አላት።

«ትልቁን!» አለች፣ ሐሙስን ፈርታ።

ሰካችው። «ካርዴ፣ አስላ!»

«አላሰላም፤ ኤሌክትሪክ የሚመግበኝ ፓወር ሰፕላይ እንዳያስርበኝ እፈራለሁ።»

«ፓወር ሰፕላይ፣ ካርዱን አብላ!»

«አላበላም፤ ሶኬቱ እንዳይግልብኝ እፈራለሁ።» ሶኬቱ ጭነት ሲበዛ የሚወርደውን ባልቦላ ፈራ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሶኬቱን ፈራ፣ ካርዱ ፓወር ሰፕላዩን ፈራ፣ ዝናሽ ሐሙስን ፈራች።

«ባልቦላ፣ በሞቴ ቻለው!»

«አልችልም! እትዬ አስካለን እፈራለሁ። የፊተኛዋን ተከራይ በካውያ ምክንያት አላባረሩም?»

ባልቦላው እትዬ አስካለን ፈራ፣ ሶኬቱ ባልቦላውን ፈራ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሶኬቱን ፈራ፣ ካርዱ ፓወር ሰፕላዩን ፈራ፣ ዝናሽ ሐሙስን ፈራች። ዝናሽ ግን በግድ አበራችው። ጧ! ባልቦላው ወረደ፤ የእትዬ አስካለ ሬዲዮ ጸጥ አለ።

የእትዬ አስካለ ኮቴ መጣ።

«ማነው ምድጃ የሰካው?»

«ምድጃ አይደለም፣ እትዬ። እርስዎስ ምን ይፈራሉ?»

«እሳት ነዋ! ኩሽናዬ ነዶብኝ የለ!»

ዝናሽ እንባዋ ቀደማት፤ የወንድሟንም የደቦውንም ነገር ዘረገፈችው። እትዬ አስካለ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወባ ነው ያልሽው? የበኩር ልጄን ሁመራ ላይ የበላብኝ?» ቀና ብለው ኮምፒውተሩን አዩ። «ይሄ ነገር ስንት አምፖል ይበላል?»

«ትልቁ ሦስት፣ ትንሹ አንድ።»

«በይ ትንሹን ስኪ። የበረንዳዬን አምፖል አጠፋልሻለሁ።»

ያን አምፖል እኮ ሌባ ፈርተው ሌት ተቀን የሚያበሩት ነው!

እትዬ አስካለ አምፖላቸውን አጠፉ፣ ባልቦላው እትዬ አስካለን መፍራት ተወ፣ ሶኬቱ ባልቦላውን መፍራት ተወ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሶኬቱን መፍራት ተወ፣ ትንሹ ካርድ አሰላ፤ ድርሻውም ሐሙስ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ።

መድኃኒቱ ገና አልተገኘም፤ ዝናሽም ሌላ ድርሻ ተቀበለች። እትዬ አስካለ ግን በረንዳው ጨልሞ፣ በራቸውን ከውስጥ ሁለቴ ቆልፈው፣ ሌባውን እየፈሩ፣ «ዝናሽ፣ እያሰላ ነው?» ይላሉ።

«እያሰላ ነው፣ እትዬ።»

ተረቴን ውሰዱ፤ አምፖሉን ግን እንዳታበሩት።