ርክክብ የማትዘልል አህያ

አንድ ጊዜ ከሸለቆ ሸለቆ እየዞረች በሽተኛ የምታስታምም አህያ ነበረች። አህያ ሞኝ ናት የሚል ካለ ይህችን አላያትም ማለት ነው። በሽታ የገባበት መንደር ሄዳ ሦስት ወር ትቀመጣለች። ቁስል ታጥባለች፣ መነሣት ያቃተውን ደግፋ ውኃ ታጠጣለች፤ ሲድኑላት ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሌላ ታመራለች። አንድ የማትለቀው ልማድ ነበራት። ከእርሷ በፊት ያስታመመው እንስሳ ስለ በሽተኛው አንድ በአንድ ካልነገራት ሥራ አትጀምርም። ይህን ርክክብ ትለዋለች።

አንድ ዓመት ግን ሥራው ሁሉ በደላላ እጅ ገባ፤ ደላላውም ቀበሮ ነበር። አህያዋ በየጠዋቱ ደጁ ትቆማለች፤ እሱ ነገ ነይ እያለ ይመልሳታል። በጋው ከረረ፣ ጎድኗም መቆጠር ጀመረ። በሃያኛው ቀን ቀበሮ ራሱ መጣ። ከወንዙ ማዶ ዋሻ ውስጥ የታመመ በግ እንዳለ፣ ሣሩ ጉልበት እንደሚደርስ፣ ማደሪያም እንደተዘጋጀ ነገራት።

«እስካሁን ማን ነበር የሚያስታምመው?» አለችው።

«አንዲት ፍየል። እዚያው ታስረክብሻለች» አላት።

በዋሻው የተኛው ግን በግ ሳይሆን አያ ጅቦ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከሩቅ መጥቶ ታማሚ ጌታ ሆኖ ተጋድሟል። ፍየሏንም የላከለት ይኸው ቀበሮ ነው፤ ሆድ ዕቃዋ የእሱ ድርሻ ነበር።

አህያዋ ወንዙ ዳር ስትደርስ አልተሻገረችም። እዚያው ቆማ ፍየሏ እንድታስረክባት ተጣራች። ቀበሮ ቀድሞ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ድምፅህን አቅጥነህ መልስላት ብሎ አያ ጅቦን ጎሸመው።

«እመት ፍየል፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?»

«ደኅና አደረ» አለ አያ ጅቦ በቀጭኑ።

«ምግብስ ይወስዳል?»

«ኧረ የት አግኝቶ! ፍየሏን ከበላ ወዲህ ሦስት ቀን ጦሙን ነው።»

አህያዋ ሌላ አልጠየቀችም፤ ዞራ ፈረጠጠች። አያ ጅቦ እየዘለለ ቢወጣም ወንዙን እስኪሻገር እርሷ ዳገቱን ጨርሳለች። ተመልሶ በንዴት የቀበሮን የኋላ እግር ቦጨቀው።

ከሳምንት በኋላ ቀበሮ እያነከሰ አህያዋ ደጅ መጣ። እኔ ብሆን በእርግጫ እሸኘው ነበር። እርሷ ግን ያንን የሸተተ ቁስል አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰረች፣ ባዶ ሆዷን ሆና ቀን ከሌት አስታመመችው። እንዲህ ያለ ልብ በየመንደሩ አንድ አንድ ቢኖር ምን ነበረበት!

የወንዙ ዳር ወሬ ሚዳቋዎች ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ግልገሎቻቸው ሲታመሙ ደላላ ሳይሉ በቀጥታ ላኩባት። አህያዋ ጓዟን ጠቀለለች፤ ከመሄዷ በፊት ግን ጦጣን ጠርታ በሽተኛውን አስረከበቻት።

«ይህ ቀበሮ ነው» አለቻት። «እግሩን ጠዋትና ማታ እጠቢለት፤ እየዳነ ነው። ምላሱ ግን ገና ነው። ሥራ አግኝቼልሻለሁ ካለሽ፣ ፊት የነበረችው የት ገባች ብለሽ ጠይቂው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ አጥቶ የተቸገረ እንኳ ቢሆን ከእርሱ በፊት የነበረው የት እንደ ደረሰ ሳይጠይቅ ወንዝ መሻገር እንደሌለበት ነው።